እንጦጦ ያልደረሰው ሐዲድ

ከጳውሎስ ሆስፒታል በር ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ያያል። እዚያ ተራራ ድረስ ባቡር ይመጣል ተብሎ አንድ ጊዜ ውል ተጽፏል። ባቡሩ አልመጣም። ጉለሌም እስከ ዛሬ ሐዲድ የሌለበት ሰፈር ነው።

ስለዚህ ባቡር ሁላችንም ጥቂት ጥቂት እናውቃለን። ምኒልክ አስገቡት፣ ጃንሆይ ተሰደዱበት፣ ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ መጣ እንላለን። እነዚህን ቁርጥራጮች በአንድ ክር የሚያስተሳስራቸው ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ የባቡሩ ቁልፍ በማን እጅ ነበር? ባሕር በር የሌለው መንግሥት ጉሮሮው አንድ ሲሆን፣ ጉሮሮውን የያዘው ሌላ ሰው ከሆነ፣ በሰላም ጊዜ ኪሱ ይጎድላል፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ትንፋሹ ያጥረዋል። ቀጥሎ የተጻፉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1886 እስከ 1895 ዓ.ም፦ ውሉ

አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ፈቃዱ የ99 ዓመት ሲሆን መስመሩን በሦስት ይከፍለዋል፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ከተራራው ወርዶ ወደ ፍልውሃ ከተጠጋ ዓመታት አልፈውት ነበር። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን እንጦጦ ነው።

ምኒልክ ባቡር የፈለጉት ለጌጥ አልነበረም። ከሸዋ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ ግመልና በቅሎውን እየነዳ ባሕር ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ምጽዋ በጣሊያን እጅ ነው፣ ዘይላ በእንግሊዝ እጅ። የውጫሌ ውል ከፈረሰ በኋላ ጠብመንጃና ጥይት የሚገባበት ዋናው በር የፈረንሳዩ ወደብ ሆኖ ቀርቷል። ባሩዱን በግመል ጀርባ የሚጠብቅ ንጉሥ ብረት መንገድ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ኩባንያው የተቋቋመው የዐድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም ነው። ስሙ የንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያ ባቡር ኩባንያ ይባላል። ኢልግና ፈረንሳዊው ሙሴ ሊዮን ሸፍኔ ከጀርባው አሉ። ቁፋሮው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ወዲያው ሁለት ነገር ገጠመው። አንደኛው በረሃው ነው፤ ውሃ የለም፣ ሸለቆው ድልድይ ይጠይቃል። ሁለተኛው የመሬቱ ባለቤት ነው፤ ኢሳውና አፋሩ ግመሉን ለሲራራ እያከራየ ከመንገዱ ይኖር ነበር። እሱን ሳይጠይቅ በግጦሹ መሃል የሚያልፍ ብረት እንጀራውን እንደሚነጥቀው ለመረዳት መጽሐፍ ማንበብ አላስፈለገውም። ግጭት ተነሳ፤ ሠራተኞች ተገደሉ።

ገንዘቡም አለቀ። የፈረንሳይ ባለሀብት እንደታሰበው ስላልተሻማበት የእንግሊዝ ገንዘብ ወደ ኩባንያው ገባ። ይህ ለፓሪስ የእግር እሳት ሆነ። በ1894 ዓ.ም የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋዋለና ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊደጉመው ተስማማ። በምትኩ በባቡሩ ላይ ቁጥጥር አገኘ። መስመሩ የሚያልፍበት ሀገር ንጉሥ ግን በዚህ ውል ውስጥ ቃል አልነበራቸውም። ምኒልክ ፈቃድ የሰጡት ለነጋዴ ነበር፤ ሲነቁ ከመንግሥት ጋር ተጋብተው አገኙት። የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው መታጠፊያ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙው ችግር ከዚህች አንቀጽ ይመዘዛል ባይ ነኝ።

ባቡሩ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ገደማ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሐረር ተራራ ሥር ደረሰ። ሐረር አልወጣም። ዳገቱ ብዙ ገንዘብ ስለሚበላ ሜዳው ላይ ቀረ፤ በሜዳውም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ ኋላ ድሬዳዋ።

ከ1895 እስከ 1909 ዓ.ም፦ ድሬዳዋ ላይ የቆመው ባቡር

ምኒልክ ባቡሩን እዚያው ድሬዳዋ አስቆሙት። ወደ አዲስ አበባ ይቀጥል ዘንድ ፈቃድ አልሰጡም። መንገድ ጠልተው አልነበረም። በጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ ወታደር በሦስት ቀን ከደጃቸው የሚያደርስ ብረት መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷቸው ነው። እስከ ድሬዳዋ ብቻ የሚሄድ ባቡር ግን ኩባንያውን አያኖረውም፤ ጭነቱ ያለው ከደጋው ነው። ኩባንያው ከሰረ።

የአዲስ አበባ ሰው በዚያ ዘመን ባቡር ብሎ ያየው ሌላ ነገር ነበር። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ሰው እየጎተተውና እየገፋው ደጋውን ወጥቶ ከተማ ገባ። የሰርኪስ ባቡር ተባለ። ሐዲድ ያልነበረው ባቡር እውነተኛውን ባቡር በዓመታት ቀድሞ አዲስ አበባ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ከነጋዴ እጅ ወጣ። ታኅሣሥ 1899 ዓ.ም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሎንዶን ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን በሚመለከት ውል ተፈራረሙ። ምኒልክ ታመው ነበርና ‘ሲሞቱ ማን ምን ይወስዳል’ የሚለው ሐሳብ ከውሉ በስተጀርባ እንዳለ ግልጽ ነው። የውሉ ትልቁ ክፍል ደግሞ ስለ ባቡር ነው። እስከ አዲስ አበባ ያለው ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ፣ ኤርትራንና ቤናዲርን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያገናኘው ለጣሊያን ተባለ። በካርታ ላይ በሐዲድ የተከፋፈለ ሀገር ማለት ይህ ነው። ምኒልክ ውሉ ሲነገራቸው ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ አሉ፤ አስከትለውም በሉዓላዊ ሥልጣናቸው ላይ ምንም ገደብ እንደማያደርግ አስታወቁ። ጉልበት ያነሰው ሰው ሊሰጠው የሚችል ጥሩ መልስ ነው።

ያም ሆኖ ባቡሩ ያስፈልጋቸው ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም አዲስ ፈቃድ ተጻፈ። የዚህ ፈቃድ ባለቤት የተደረጉት የግል ሐኪማቸው፣ የጓዴሎፑ ተወላጅ ዶክተር ቪታሊየን ናቸው። ሥራውን የተረከበው አዲሱ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ነው። በዚያው ወር ከፈረንሳይ ጋር በተደረገ የንግድ ውል ደግሞ የፈረንሳይ ዜጎች በኢትዮጵያ ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት ነገር እጅግ ጠበበ። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን ሌላ ያረጀ መንግሥትም በሐዲድ ሊጠገን እየሞከረ ነበር። የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልሃሚድ ከደማስቆ መዲና የሚደርሰውን 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሂጃዝ ባቡር ያሠሩት የውጭ ኩባንያ ሳይለምኑ፣ ከሙስሊሙ ዓለም በተሰበሰበ መዋጮ ነው። እሱም የተመረቀው የቪታሊየን ፈቃድ በተጻፈበት 1900 ዓ.ም ነው። ሱልጣኑ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ሠሩት፤ ሆኖም ስምንት ዓመት ሳይሞላው ጦርነት መጣና የዐረብ ሸማቂዎች ሐዲዱን በፈንጂ ይነቅሉት ጀመር። ግመሉን ባቡር የነጠቀው በደዊን እዚያም እንደ ኢሳው አልተደሰተም ነበር።

የእኛው ባቡር ሳይቸኩል ቀጠለ። የአዋሽን ገደል በብረት ድልድይ ተሻገረ፣ በረሃውን ትቶ ደጋውን ያዘ። ምኒልክ ግን አላዩትም፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው፤ ልጅ ኢያሱ በመስከረም የተሻሩበት፣ በጥቅምት ሰገሌ ላይ ደም የፈሰሰበት ያው ዓመት። ኢያሱ መሻራቸውን ሐረር ላይ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጦር ሚኤሶ ላይ ታግዶ ተመለሰ። ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ነው። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የሥልጣን ትግል ካርታ ላይ የጣቢያ ስሞች መታየት ጀመሩ።

ከ1909 እስከ 1927 ዓ.ም፦ ለገሃር

እነዚህ ዓመታት የባቡሩ ጥሩ ዘመን ናቸው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። በአዋሽ የነበረው ቡፌ ዳዋሽ የራቱና የአልጋው ስም ሆነ። ቋንቋችንም የራሱን ቀረጥ ሰበሰበ፤ ላ ጋር ለገሃር ሆነ፣ የዕቃ ሰረገላው ፉርጎ ተባለ። ቡና፣ ቆዳና ሌጦ ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ጨው፣ ቆርቆሮና ጋዝ ይወጣል። አዲስ አበባ በሣር ክዳን የነበረውን ቤቷን በቆርቆሮ የለወጠችው በዚህ መንገድ በመጣ ሸቀጥ ነው።

ሰውም መጣ። ሐዲዱን ሊሠሩ ከመጡት ግሪኮች፣ ከኋላ ከተከተሉት አርመኖችና ሌሎችም ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀርተዋል። ጉለሌ ያለው የፈረንጆች መቃብር ስማቸውን በየፊደሉ ይዟል። ባቡሩ ራሱ ጉለሌ ባይደርስም ያመጣቸው ሰዎች ደርሰው እዚህ ዐርፈዋል።

ቅሬታውም የዚያኑ ያህል ነበር። ባቡሩ ተወዳዳሪ ስላልነበረው የጭነት ዋጋውን ኩባንያው እንደወደደ ይቆርጠዋል። የመንግሥት ሰዎችም ነጋዴዎችም የዋጋውን ውድነት ያማርሩ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ፓሪስ ላለ ኩባንያ የአዲስ አበባ ሮሮ ከፖስታው ቀድሞ አይደርስም።

በ1922 ዓ.ም የለገሃር ሕንፃ ተመረቀ። በዓመቱ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ የግሎስተሩ መስፍንና ሌሎቹ የነገሥታት መልእክተኞች የመጡት በዚሁ ባቡር ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። እንግዳ ከባቡር ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው እሱን እንዲሆን ተብሎ ነው።

1927 እና 1928 ዓ.ም፦ ጉሮሮው ሲያዝ

በወልወል ጥይት ከተተኮሰ አንድ ወር ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም፣ እኛ ገና ስናከብር፣ የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫልና ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ተፈራረሙ። ፈረንሳይ ለጣሊያን ከሰጠቻቸው ነገሮች አንዱ የባቡሩ ኩባንያ 2,500 አክሲዮን ነው። ድርሻው ኩባንያውን የሚያዝ አልነበረም። ትርጉሙ ግን ለማንም አይጠፋውም፤ ኢትዮጵያን ሊወር የተዘጋጀ መንግሥት በኢትዮጵያ ብቸኛ የባቡር መስመር ውስጥ ባለድርሻ ሆነ።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። መንግሥታቱ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ላይ እገዳ ጣሉ። ፈረንሳይም ለኢትዮጵያ የታዘዘ መሣሪያ በጅቡቲ በኩል በባቡር እንዳይጫን ታሰናክል ነበር። ስለዚህ በጦርነቱ ጊዜ የገባው መሣሪያ ሐዲዱን ትቶ ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ ወደብ ከበርበራ በጭነት መኪና ወደ ጅጅጋ ይጎተት ጀመር። ምኒልክ ባቡሩን የተመኙት መሣሪያ በቶሎ እንዲያገኙ ነበር። ባቡሩ ካለ በኋላ፣ በጨነቀ ቀን፣ መሣሪያው እንደገና በረሃውን ዞሮ መጣ።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ተጀመረ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተመታ። ጃንሆይ በላሊበላና በሰላሌ በኩል ዞረው በሚያዝያ ማለቂያ አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ያከራክራል። መኳንንቱ ተሰብስበው መከሩ፤ አብዛኛው ጃንሆይ ወደ ውጭ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር ይጩኹ አለ። እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉት ደግሞ ንጉሥ ሀገሩን ጥሎ አይሄድም ብለው ተቃወሙ። ሚያዝያ 24 ንጋት ላይ ጃንሆይ ከቤተሰባቸውና ከጥቂት መኳንንት ጋር በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ከዚያ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ የማየው ባቡሩን ነው። ባቡር ባይኖር ኖሮ ምርጫው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። በበቅሎ ተሰድዶ ወደብ መድረስ የማይታሰብ ነውና ምናልባት ወደ ጎሬ ነበር መንገዱ፤ ራስ እምሩ እንደራሴ ተብለው መንግሥቱ እንዲቀጥል የታሰበውም እዚያ ነበር። ባቡሩ ግን ጢሱን እያጨሰ ቆሞ ነበር። ይህ ውሳኔውን ትክክል ወይም ስሕተት አያደርገውም። በሰኔ ጄኔቭ ላይ የተደረገው ንግግር ያለዚህ ባቡር አይኖርም ነበር ማለትም ይቻላል።

አዲስ አበባ ለሦስት ቀን ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ሚያዝያ 27 የጣሊያኑ አዛዥ ባዶሊዮ ገባ። ግንቦት 1 ቀን ከሰሜን የመጣው የጣሊያን ጦርና ግራዚያኒ ከደቡብ ያመጣው ጦር ተገናኙ። የተገናኙበት ቦታ ድሬዳዋ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፦ ሐዲዱና አርበኞቹ

ያ ክረምት ለጣሊያን ከባድ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ከተማዋን ከባሕር ጋር ያገናኘው ሐዲዱ ብቻ ነበር። ዱቄቱም፣ ጥይቱም፣ ቁስለኛውም በሱ ነው። አርበኞቹ ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ መስመሩን መምታት፣ ሐዲድ መንቀል፣ ባቡር ማድፈጥ የትግሉ አንድ ክፍል ሆነ። መሣሪያ ሳያመጣላቸው የቀረ ባቡር ቢያንስ የጠላትም አፍ እንዳይሆን መሆኑ ነው።

በሐምሌ 1928 ዓ.ም አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ሊያጠቁ ተነሱ። በሰሜን በኩል ከሰላሌ የመጣው የደጃዝማች አበራ ካሳ ጦር ነው። የሰላሌ መንገድ ሱሉልታን አልፎ በእንጦጦ ጫፍ ወደ እኛ ሰፈር የሚወርደው ነው። ጥቃቱ አልተቀናጀም፤ ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው መልእክት የሚወስደው እግረኛ ነው፤ ጠላት መትረየስና አውሮፕላን አለው። ከጦሩ ጋር የመጡት አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ፤ ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ሐውልታቸው ዛሬ በማዘጋጃ ቤት አጠገብ ቆሟል። ወደዚህ ሐውልት በኋላ እንመለሳለን፤ ከባቡር ጋር ጉዳይ ገጥሞታልና።

ጣሊያን ከዚያ ክረምት አንድ ትምህርት ወስዷል፤ በፈረንሳይ ወደብ መተንፈስ አይቻልም። ስለዚህ አስፋልት ላይ ተረባረበ፤ ትልቁም ከአሰብ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ነው። በሐዲዱ ላይም ሊቶሪና የሚባሉትን በናፍጣ የሚሄዱ ፈጣን ተሽከርካሪዎች አምጥቷል። ከለገሃር ፊት የቆመው አንበሳ ደግሞ ተነቅሎ ሮማ ተወሰደ፤ የተተከለውም በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ በዶጋሊ ለሞቱ ጣሊያኖች ከቆመው ሐውልት ሥር ነው። ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ ተሰደደ ማለት ነው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም ያን አንበሳ አይቶ ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው።

በሰኔ 1932 ዓ.ም ጣሊያን ጦርነት ገባች፤ ፈረንሳይም ወደቀች። ጅቡቲ በቪሺ መንግሥት እጅ ሆና በእንግሊዝ ተከበበች፤ ባቡሩ ከባሕር ተቆረጠ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ድሬዳዋን ይዞ በሐዲዱ አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ጣሊያኖች የአዋሽን ድልድዮች አፈረሱ። አላቆመውም። መጋቢት 28 አዲስ አበባ ተያዘች፣ ሚያዝያ 27 ጃንሆይ ገቡ። የተመለሱት ግን በሄዱበት መንገድ አይደለም። በባቡር ወጥተው በሱዳንና በጎጃም በኩል፣ ከአርበኞቹ ጋር ተመለሱ።

ከ1933 እስከ 1967 ዓ.ም፦ መኪናው ሲቀድም

ነፃነቱ ከነባቡሩ አልመጣም። እንግሊዞች በ1934ቱ ስምምነት ሐዲዱን በእጃቸው አቆዩት። በ1937ቱ ስምምነት ሊያስረክቡ ተስማሙ፤ ኦጋዴንን ግን ለጊዜው ይዘው ቆዩ። ኩባንያው ሥራውን እንደገና የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሠራተኛውም ድምፁን ማሰማት የጀመረው በዚሁ ዘመን ነው። በሀገሪቱ የመጀመሪያው የሠራተኞች ማኅበር የተባለው የባቡሩ ሠራተኞች ያቋቋሙት ሲሆን፣ በ1940ዎቹ መግቢያ ላይ ያነሱት አድማ በኃይል ተበተነ። ማኅበር በሕግ እስኪፈቀድ ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቀዋል።

ኅዳር 1952 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር አዲስ ውል ተደረገ። የኩባንያው ግማሽ የኢትዮጵያ ሆነ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ምኒልክ ከጠየቁት 60 ዓመት ያህል ዘግይቶ ቁልፉ በከፊል ገባ። ችግሩ በሩ ሌላ ቦታ መከፈቱ ነው። ከኤርትራ ጋር በነበረው ፌዴሬሽን አሰብ ወደ ኢትዮጵያ መጣች፤ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠራላት። ጣሊያን የቀየሰው የአሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪናው ሠልፍ ረዘመ። ባቡሩ ወደ ደቡብ፣ እስከ ዲላ ይቀጠላል ተብሎ ቢጠናም ወረቀት ላይ ቀረ።

ዘውዱም በዚያው ዘመን አረጀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው። የንጉሡ የግል ፉርጎዎች ለገሃር ቆመው ቀሩ።

ከ1969 እስከ 1977 ዓ.ም፦ የፈረሱ ድልድዮች

ሁለተኛው ጦርነት፣ ከሶማሊያ ጋር የሆነው፣ ሐዲዱን በቀጥታ መታው። በ1969 ዓ.ም ግንቦት ማለቂያ የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ያሉ ድልድዮችን በፈንጂ አፈረሱ። ወር ሳይሞላ ጅቡቲ ነፃ መንግሥት ሆነች። በሐምሌ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ገባ። በነሐሴ አጋማሽ ድሬዳዋ ላይ ከባድ ውጊያ ሆነ፤ ከተማዋ አልተያዘችም። ባቡሩ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ።

በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያ ያልታነቀችበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሁለተኛ ጉሮሮ ነበራት። የሶቪየት መሣሪያ በአውሮፕላንና በአሰብ በኩል ገባ። በ1928 ዓ.ም ያልነበረው ይህ ነው። ጅጅጋ በየካቲት 1970 ዓ.ም ተመለሰች።

ሐዲዱ ተጠገነ፤ ኩባንያውም የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሆነ። ነገር ግን ብረቱ አርጅቷል፣ ሞተሩ አርጅቷል፣ ገንዘቡም ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ ነው የሚሄደው። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። 428 ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱ የባቡር አደጋዎች የዚህን ያህል ሕይወት የበላ አልነበረም። ያ ዓመት በረሃብ ስለሚታወስ ይህ ሐዘን በጥላው ሥር ተውጧል።

ከ1990 ዓ.ም ወዲህ

በግንቦት 1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳ፤ አሰብ ተዘጋች። ሀገሪቱ ወደ አንድ ጉሮሮ፣ ወደ ጅቡቲ ተመለሰች። መቶ ዓመት የሞላው ባቡር በዚህ ጊዜ ነበር የሚያስፈልገው፤ እሱ ግን ጭነቱን መሸከም አልቻለም። ሸክሙ ሁሉ በጭነት መኪናው ጫንቃ ላይ ወደቀ። አሮጌው መስመር በአዲስ አበባ በኩል ቀስ በቀስ ቆመ፤ ለጉዳዩ ቅርብ ያልሆነ ሰው መቼ እንደቆመ እንኳ ልብ አላለውም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመረቀ። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ ይደርሳል፤ 750 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነው። ውሉን ከምኒልክ ውል ጋር ማነጻጸር ለሚፈልግ ሰው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ይጠቅመዋል።

አዲሱ ባቡር ለገሃር አይገባም። ከጣሊያን በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው አንበሳ አሁንም እዚያው ለገሃር ቆሟል።

በከተማው ውስጥ ያለው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። የሰሜን ደቡብ መስመሩ ከቃሊቲ ተነስቶ ለገሃር አጠገብ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይወጣል። በዚህ በኩል ሲቆፈር የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለመንገዱ ሲባል በ2005 ዓ.ም ከቦታው ተነሳ፤ ዋሻው ካለቀ በኋላ በ2008 ዓ.ም ተመልሶ ተተከለ። አሁን ባቡሩ ከሥራቸው ያልፋል። በስተ ሰሜን የመጨረሻው ጣቢያ ምኒልክ አደባባይ ነው። ከዚያ ወደ ጳውሎስና ወደ እንጦጦ የሚሄድ ሰው ወርዶ ታክሲ ይይዛል።